በደጋ ቤት እንቁላል አስታቅፎ ጫጩት ማስፈልፈል
ለቤተሰብና ለአነስተኛ ነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት



«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ ሰው የለም። ተረቱ ትዕግሥትን ለማስተማር የተነገረ ነው፤ እኔ ግን ከሥራዬ የተነሣ በሌላ ጆሮ እሰማዋለሁ። በአንኮበር በአንድ ነጋዴ መደብር መዝገብ የምይዝ ጸሐፊ እንደ መሆኔ መጠን፥ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፥ ስንቱ በመንገድ እንደሚቀር፥ የቀረውም ስለ ምን እንደ ቀረ ለማወቅ እሻለሁ። ይህንንም ትምህርት የጻፍሁት ይኸው ፍላጎት ስላደረብኝ ብቻ ሳይሆን፥ ባለማወቄ ያደረስሁትን ጥፋት ለሌላው ማስጠንቀቂያ ይሆን ዘንድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ጎረቤታችን ከሁለት ዶሮዎቻቸው የሚያገኙትን እንቁላል ለገበያ እያወጡ ለልጅ ልጃቸው ደብተርና እርሳስ ይገዙበት ነበር። አንደኛዋ ዶሮ ለመታቀፍ በከጀለች ጊዜ ወደ እኔ መጥተው፥ «ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህ፤ ስንት እንቁላል ላስታቅፋት? የትኛውንስ ልምረጥ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ሳላውቅ የማውቅ መስዬ፥ «እትዬ፥ ትልልቁን ይምረጡ፤ የቆሸሸውንም አጥበው ያስቀምጡ» አልኋቸው። እርሳቸውም ቃሌን አምነው፥ ለገበያ ሊወጣ የሚገባውን የሦስት ሳምንት እንቁላል አጠራቀሙ፤ ከሱቅም ጥቂት ትልልቅ እንቁላል ገዝተው ጨመሩበት፤ በጠቅላላው 15 እንቁላል አስታቀፉ። ቀኑ ሲደርስ የወጡት ጫጩቶች 2 ብቻ ሆኑ። የቀረው ሁሉ ግሞ ተጣለ። እርሳቸውም፥ «ምንም አይደል ልጄ፥ የእግዜር ፈቃድ ነው» ብለው አጽናኑኝ። በዚያ ወር የልጁ ደብተር በምን ገንዘብ እንደ ተገዛ ለመጠየቅ ግን አፈርሁ።

በኋላ መጻሕፍትን አገላብጬ፥ የእርሻ ባለሙያዎችንም ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፥ በዚያ ሥራ ላይ ሦስት ጥፋቶች ነበሩ። እንቁላሉ አርጅቷል፤ ታጥቧል፤ ከሱቅ የተገዛውም አውራ ዶሮ ያላየው ነበር። ሦስቱም ጥፋቶች እንቁላሉ ከዶሮዋ ሥር ከመግባቱ በፊት የተፈጸሙ ናቸው። ዶሮዋ ምንም አላጠፋችም። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን በየተራ እንመልከት።

1ኛ፤ እንቁላል እንደሚተነፍስ

እንቁላል ሲያዩት የተደፈነ ድንጋይ ይምሰል እንጂ፥ ቅርፊቱ ወደ 10,000 የሚጠጉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። በነዚህ ቀዳዳዎች ለጫጩቱ ሕይወት የሚያስፈልገው አየር ይገባል፤ የተቃጠለው አየርና የውሃው እንፋሎት ይወጣል። ውሃው በወጣ መጠን በሰፊው ጫፍ በኩል ያለው የአየር ኪስ እየሰፋ ይሄዳል። ጫጩቱም ቅርፊቱን ከመስበሩ በፊት የመጀመሪያውን እስትንፋስ የሚወስደው ከዚሁ ኪስ ነው። ስለዚህ የታቀፈ እንቁላል ከቀን ወደ ቀን መቅለል አለበት። ከመጀመሪያ ክብደቱ ከ100 እጅ 12 ያህሉን ቢያጣ መልካም ነው። ከዚህ እጅግ ያነሰ ቢያጣ የአየሩ ኪስ ይጠብና ጫጩቱ ይታፈናል፤ እጅግ የበለጠ ቢያጣ ደግሞ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ደርቆ ይጣበቅበትና መውጫ ያጣል።

ይህ ነገር ለእኛ ለደገኞች የተለየ ትርጉም አለው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የቆመች ናት፤ ከእርሷ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃንም ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ነው። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፥ በቀዳዳዎቹ የሚገባው ለሕይወት የሚያስፈልገው አየር ያንሳል። ሁለተኛው፥ ውሃው ከእንቁላሉ ቶሎ ይወጣል፤ ይኸውም ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን በባሕር ወለል ላይ ከሚወጣው በሲሶ ያህል ይበልጣል።

ፈጣሪ ግን ለዚህም መላ ሳያበጅ አልተወም። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ውስጥ 3,800 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ለብዙ ትውልድ የተራቡ ዶሮዎችን ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት መርምረው፥ የእንቁላላቸው ቅርፊት ውሃን የማሳለፍ ኀይሉ ከቆላ ዶሮዎች እንቁላል ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ከዚህ የምንማረው፥ ለደጋ ቤት የሚታቀፍ እንቁላል በዚያው በደጋ ከተወለደች ዶሮ የተገኘ ቢሆን የተሻለ መሆኑን ነው። ከአንኮበር በታች ወደ ቆላው ያለችው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ሸቀጡን የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች። ከቆላው የሚወጣ ሸቀጥ ሁሉ ለደጋው ይጠቅማል፤ ለመታቀፍ የሚፈለግ እንቁላል ግን ወደ ሩቅ ሳይሄዱ ከጎረቤት ቢለውጡት ይሻላል።

2ኛ፤ ስለ እንቁላል አመራረጥ

ሀ) አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የተገኘ ይሁን። ለዐሥር ሴት ዶሮ አንድ ጎልማሳ አውራ ይበቃል። በትልልቅ የዶሮ እርባታ ድርጅቶች ለገበያ የሚቀርበው እንቁላል ዶሮዎቹ ያለ አውራ ስለሚጠበቁ ዘር የለውም፤ ስለዚህ የፈረንጅ እንቁላል ትልቅነቱ ዓይን ቢስብም ቢታቀፍ ከመግማት በቀር ፍሬ አይሰጥም።

ለ) ከተጣለ 7 ቀን ያላለፈው ይሁን። ከሳምንት በኋላ የመፈልፈል ዕድሉ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሦስት ሳምንት እንቁላል ለወጥ እንጂ ለጫጩት አይታሰብም። ስለዚህ በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ መጻፍ ይገባል። ብዕር ወይም ቀለም አይስማማውም።

ሐ) መካከለኛ መጠንና ደንበኛ ቅርጽ ያለው ይሁን። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ክብደቱ በአማካይ ወደ 40 ግራም ነው። እጅግ ትልቁ ብዙ ጊዜ ሁለት አስኳል ይኖረዋል፤ እጅግ ትንሹም ደካማ ጫጩት ያወጣል። የተሰነጠቀ፥ ቅርፊቱ የሳሳ ወይም የሻከረ ሁሉ ይለይ።

መ) ፈጽሞ አይታጠብ። እንቁላል ከዶሮዋ ሲወጣ ቀዳዳዎቹን የሚጠብቅ ስስ ሽፋን ይዞ ይወጣል፤ ይህ በውሃ ሲታጠብ ይለቅና የሚያገማው ተውሳክ ወደ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ቆሻሻ ቢኖርበት በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ብዙ የቆሸሸው ለምግብ ይዋል።

ሠ) በቀዝቃዛ ስፍራ፥ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሆን ቅዝቃዜ ተስማሚው ነው። በዚህ ቅዝቃዜ ውስጥ ያለው ዘር እንደ ተኛ ይቆያል፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ብዙ ሲያልፍ ግን ነቅቶ ማደግ ይጀምራል፤ ጀምሮ የተቋረጠ ዕድገትም ይሞታል። የደጋ ጓዳ በዚህ ረገድ ከቆላ ቤት ይበልጣል። እናቶቻችን እንቁላልን በጤፍ ወይም በሌላ እህል ውስጥ መቅበራቸውም ቅዝቃዜውን ስለሚጠብቅና ከመሰበር ስለሚያድን መልካም ልማድ ነው። ከምድጃ አጠገብ ግን አይቀመጥ፤ ውርጭም አያግኘው።

ረ) በመኪና ወይም በአጋሰስ ከሩቅ የመጣ እንቁላል ቢሆን፥ ሹሉ ወደ ታች ሆኖ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ይረፍ። በመንገድ የተናወጠው የአየር ኪስ ወደ ስፍራው የሚመለሰው በዚህ ዕረፍት ነው።

3ኛ፤ ስለ ዶሮዋና ስለ ጎጆዋ

ለመታቀፍ የከጀለች ዶሮ ላባዋን ነፍታ ከጎጆዋ አልነሣም ትላለች፤ እጅ ሲቀርብባት ትቆጣለች፤ የሆዷም ላባ ይመለጣል። ብዙ እንቁላል እንዲጥሉ ተብለው የተዳቀሉት የውጭ አገር ዶሮዎች ይህን ጠባይ በእጅጉ አጥተውታል። የሀበሻ ዶሮ ግን እንቁላሏ ጥቂት ቢሆን በመታቀፍና ጫጩት በማሳደግ የምትታማ አይደለችም። በገጠር ቤት ዶሮዋ መጣሏን እንድትቀጥል ሲፈለግ ቁልቁል ይሰቅሏታል ወይም ወደ ጎረቤት ቤት ይወስዷታል፤ ይህም ጠባይዋ ምን ያህል የጸና እንደ ሆነ ያስረዳል።

በዓይነ አዋጅ ቶሎ እንቁላሉን መስጠት አይገባም። ሁለት ሌሊት በጥቂት እንቁላል ላይ ከጸናች በኋላ፥ በሦስተኛው ቀን ሲመሽ የተመረጠው እንቁላል ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሥሯ ይግባ። በየቀኑ አንድ አንድ መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ሲወጡ ዶሮዋ የቀረውን ትታ ትነሣለች።

ለአንዲት የሀበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃል። በደጋ ብርድ ላይ ቁጥር ማብዛት አይጠቅምም፤ ክንፏ የማይሸፍነው እንቁላል እየተፈራረቀ ስለሚበርድ የሚጠፋው የተረፈው ብቻ ሳይሆን የሌላውም ጭምር ነው።

ጎጆው ከነፋስና ከጭስ የራቀ፥ ጨለም ያለ፥ ከድመትና ከሸለምጥማጥ የተጠበቀ ይሁን። ሰፊ ገል ወይም ቅርጫት ወስዶ በሥሩ አራት ጣት ያህል ጥቂት እርጥበት ያለው አፈር ማንጠፍ፥ በላዩም ደረቅ የጤፍ ወይም የገብስ ገለባ መሐሉን ጎድጎድ አድርጎ መጎዝጎዝ ይገባል። አፈሩ በደረቁ ወራት እንቁላሉ ውሃውን ያለ መጠን እንዳያጣ ይረዳል። ቅማልና ቁንጫ ያስመረራት ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ስለምትሄድ፥ ከገለባው ሥር ጥቂት የተነፋ አመድ ይነስነስ፤ ለራሷም የምትንከባለልበት አመድ በአጠገቧ ይዘጋጅ። በሰፈራችን ነጎድጓድ ጫጩቱን እንዳይገድል ተብሎ ብረት ወይም ከሰል በጎጆው ውስጥ የሚያኖሩ አሉ። ይህን በማድረግ የሚመጣ ጉዳት የለም፤ ነገር ግን በክረምት የሚጠፋውን እንቁላል ሁሉ በነጎድጓድ ማሳበብ ሌላውን ጥፋት እንዳናይ ያደርገናል።

4ኛ፤ የ21ዱ ቀናት ሒሳብ

የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። የሚፈልገው ሙቀት 37 ዲግሪ ተኩል ያህል ሲሆን ዶሮዋ ይህን በገላዋ ትሰጣለች፤ እንቁላሉንም በመንቁሯና በእግሯ ዕለት ዕለት ታገላብጣለች። በጥንታዊት ግብፅ የተጀመረው በሸክላ ምድጃ የማስፈልፈል ጥበብ በቤተሰብ ሲወራረስ ኖሯል። ባለሙያዎቹም ያለ መለኪያ መሣሪያ እንቁላሉን ከዓይናቸው ሽፋን ላይ እያስጠጉ ሙቀቱን ያውቁ ነበር ይባላል። እኛ ይህን ድካም ዶሮዋ ታቀልልናለች፤ ለባለቤቱ የሚቀረው ሥራ መመገብ፥ መመርመርና መመዝገብ ነው።

መመገብ፤ ዶሮዋ በቀን አንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትነሣለች። በዚያን ጊዜ ያልተፈጨ ገብስ ወይም ስንዴ፥ ንጹሕ ውሃም ትሰጥ። የማትነሣ ብትሆን ቀስ ብሎ ማንሣት ይገባል፤ በረኃብ ሞተው የሚገኙ አሉና።

መመርመር፤ በ7ኛው ሌሊት በጨለማ ቤት ሆኖ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ይያዝ፤ በካርቶን ላይ ከእንቁላሉ ጫፍ ያነሰ ቀዳዳ ተበጅቶ ብርሃኑ በዚያ ይለፍ፤ የእንቁላሉም ሰፊ ጫፍ ከቀዳዳው ላይ ይደረግ። ሕይወት ያለው እንቁላል የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀያይ የደም ሥሮች ያሳያል። ጥርት ብሎ የሚታየው ዘር የለውም። የደም ቀለበት ብቻ የሚታይበት ጀምሮ የሞተ ነው። ሁለቱም ይውጡ። በ14ኛው ሌሊት ሲመረመር ሕያው የሆነው ጨለም ብሎ ጫፉ ላይ ያለው የአየር ኪስ ብቻ ብሩህ ሆኖ ይታያል።

መመዝገብ፤ ለነጋዴ ወገኖቼ አብልጬ የምመክረው ይህን ነው። በመደብሩ ሚዛን እያንዳንዱ እንቁላል ተመዝኖ ክብደቱ ከቀኑ ጎን በእርሳስ ይጻፍበት። ለምሳሌ 12 እንቁላሎች በአንድነት 480 ግራም ቢመዝኑ፥ በ7ኛው ቀን ወደ 458፥ በ14ኛው ቀን ወደ 437፥ በ18ኛው ቀን ወደ 424 ግራም ሊወርዱ ይገባል። በመካከል የወጣ እንቁላል ቢኖር የመጀመሪያ ክብደቱ ከ480ው ላይ ይቀነስ። ክብደቱ ከዚህ እጅግ ፈጥኖ የሚወርድ ቢሆን ከገለባው ሥር ያለው አፈር በለብታ ውሃ ይረስርስ። ክብደቱ የማይወርድ ቢሆን ጎጆው ረጥቧልና በደረቅ ገለባ ይለወጥ። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ነፋስ ደረቅ በሆነ ጊዜ የመጀመሪያው፥ በክረምት ጉም ጊዜ ደግሞ ሁለተኛው ያጋጥማል።

ከ18ኛው ቀን በኋላ እንቁላሉ አይነካ። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከነደለ በኋላ ወጥቶ እስኪያልቅ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት አዝኖ ቅርፊቱን ይልጥለታል፤ ይህ ርኅራኄ ጫጩቱን ይገድለዋል። በዚያን ጊዜ ጫጩቱ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ፥ በሽፋኑ ላይ ያለውም ደም ወደ ገላው እየተመለሰ ነውና። ለብርድ የተጋለጠ እንቁላል አንድ ቀን ሊዘገይ ስለሚችል እስከ 22ኛው ቀን ማታ መታገሥ ይገባል።

5ኛ፤ ስለ ዳክዬ እንቁላል

ዳክዬ በሀገራችን ገበታ ብዙም ልማድ አላገኘችም፤ ሆኖም ለግቢ ጌጥና ለሆቴሎች የሚያረቡ ሰዎች ስላሉ፥ እንቁላሏን በዶሮ ማስታቀፍ ይቻል እንደ ሆነ አንዳንድ ወዳጆች ጠይቀውኛል። ይቻላል፤ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

የተለመደው የቤት ዳክዬ እንቁላል 28 ቀን ይፈጃል፤ ፊቱ ላይ ቀይ ሥጋ ያለው ሞስኮቪ የሚባለው ዓይነት ደግሞ 35 ቀን ይፈጃል። ከቤት ዳክዬዎች ብዙዎቹ የመታቀፍ ጠባይ ስለ ጎደላቸው ዶሮ ሞግዚት ትሆናቸዋለች፤ ሞስኮቪ ግን ራሷ በደንብ ትታቀፋለች። የዳክዬ እንቁላል ከ70 እስከ 80 ግራም ስለሚመዝን ለአንዲት የሀበሻ ዶሮ ከ5 ወይም ከ6 አይበልጥላት። እንቁላሉ ስለሚከብዳት ባለቤቱ በቀን ሁለት ጊዜ ቢያገላብጥላት ይረዳታል። የዳክዬ እንቁላል በመጨረሻው ሳምንት ከዶሮ እንቁላል ይልቅ እርጥበት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዶሮዋ ለመብል በተነሣች ጊዜ ለብታ ውሃ በእጅ ጣት ይረጭበት። በቻይናና በሌሎችም የእስያ አገሮች ሕዝቡ የዳክዬን እንቁላል በሞቀ የሩዝ ገለባ ውስጥ እያገላበጠ ያለ ወፍ ሲያስፈልፍል ኖሯል፤ ይህ ግን ሌሊትና ቀን የሚነቃ ሠራተኛ የሚፈልግ ሙያ ነው።

እኔ ራሴ ከቢሾፍቱ 6 የዳክዬ እንቁላል በጤፍ ገለባ አሽጌ በአውቶቡስ አመጣሁ። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ናት። አንድ ቀን አሳርፌ ስመዝናቸው 450 ግራም ሆኑ። በ14ኛው ቀን ወደ 418 ግራም መውረድ ሲገባቸው 405 ሆነው አገኘኋቸው፤ ይህም ውሃቸውን ያለ ልክ ማጣታቸውን አመለከተኝ። ከዚያ በኋላ አፈሩን ባረሰርስም የወጡት 2 ብቻ ናቸው። ከአንድ ጊዜ ሙከራ ሕግ አይወጣም፤ መንገዱም፥ ከፍታውም፥ የእኔም መዘግየት እያንዳንዱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም ሚዛኑ ባይኖር ጥፋቱ በ14ኛው ቀን ሳይሆን በ28ኛው ቀን ይታወቅ ነበር። እነዚህ በዶሮ ያደጉ ጫጩቶች ከእናት ዳክዬ ላባቸውን የሚያለዝብ ቅባት ስለማያገኙ፥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ኩሬ እንዳይገቡ መጠበቅ ይገባል፤ ረጥበው በደጋ ብርድ ቢመቱ ይሞታሉና።

6ኛ፤ ከተፈለፈለ በኋላ

ጫጩት ከአስኳሉ በተረፈለት ስንቅ ሁለት ቀን ያህል ያለ ምግብ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በኋላ የተከካ እህልና ንጹሕ ውሃ በጠፍጣፋ ዕቃ ይሰጥ። ሌሊት የእናቱ ክንፍ ይበቃዋል። እናቲቱን ቶሎ ወደ መጣል ለመመለስ የፈለገ ሰው ግን የገለባ ሣጥን የተባለውን ቀላል መሣሪያ ሊሠራ ይችላል። ይህም ጎኑና ክዳኑ በገለባ የታጨቀ፥ አየር መግቢያ ያለው፥ ጫጩቶቹ በገዛ ገላቸው ሙቀት የሚሞቁበት ሣጥን ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለገጠር ቤተሰብ የሚስማማ መሆኑን ፈትነውታል።

ከብርድ ይልቅ የሚፈራው ፈንግል ነው። ይህ በሽታ በገባበት መንደር ዶሮ ሁሉ በጥቂት ቀናት ሊያልቅ ይችላል፤ መድኃኒትም የለውም። ክትባት ግን አለው፤ በቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት የሚያመርት ብሔራዊ ተቋም ሙቀትን የሚችል፥ በዓይን የሚንጠባጠብ ክትባት ያዘጋጃል። የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስቀድሞ መጠየቅ፥ ጎረቤትም ሁሉ በአንድ ቀን እንዲያስከትብ መመካከር ይገባል። ጭልፊትን ለመከላከል ደግሞ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ በተከደነ ቅርጫት ሥር ይዋሉ።

7ኛ፤ ትርፍና ኪሣራ

ገንዘብ ዋጋው ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በእንቁላል እንሥራው። 12 እንቁላል የሚያስታቅፍ ሰው ወጪው 12 ብቻ አይደለም። ዶሮዋ በመታቀፍና በማሳደግ በምትቆይባቸው ሁለት ወር ተኩል ያህል ጊዜ አትጥልም፤ በዚህም አንድ ዙር ጥል፥ ማለት ከ12 እስከ 15 እንቁላል ይቀራል። እንግዲህ እህሉን ሳንቆጥር ዋናው ገንዘብ 25 እንቁላል ያህል ነው። 2 ጫጩት ብቻ ወጥቶ አንዱን ጭልፊት ቢወስደው፥ የቀረው አንድ ዶሮ ይህን ዕዳና የወራት ቀለቡን መክፈል አለበት። 9 ወጥተው 6 ቢያድጉ ግን ዕዳው ለስድስት ይከፈላል። አንባቢ በየገበያው አንዲት ቄብ በስንት እንቁላል ዋጋ እንደምትሸጥ አስልቶ የራሱን ፍርድ ይስጥ።

ጊዜንም መምረጥ ከሒሳብ ይገባል። በዐቢይ ጾም የክርስቲያኑ ቤት እንቁላል ስለማይበላ ዋጋው ይወድቃል፤ በዚያን ጊዜ የሚታቀፍ እንቁላል ርካሽ ዋና ገንዘብ ነው። ነገር ግን በአንኮበር ጾሙ ከበልጉ ዝናብና ጉም ጋር ይገናኛል፤ ጫጩቶቹም ገና ሳይጠነክሩ ክረምት ይደርስባቸዋል። በጥቅምት የሚያስታቅፍ ሰው እንቁላሉን ይወደድ በሆነ ዋጋ ይከፍላል፤ ሆኖም ጫጩቶቹ በደረቁ ወራት ያድጋሉ፤ አውራዎቹም ለሚቀጥለው ዓመት ዕንቁጣጣሽ ይደርሳሉ። እኔ ቤቱ ከውርጭ የተጠበቀ እስከ ሆነ ድረስ ጥቅምትን እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ ከተማርሁ በኋላ በጥቅምት ወር ወደ ጎረቤታችን ሄጄ፥ «እትዬ፥ ባለፈው ያጠፋሁት እኔ ነኝና በዚህኛው ጊዜ እንቁላሉን እኔ ልቻል» አልኋቸው። እርሳቸው ሳቁብኝ፤ ግን ፈቀዱ። አውራ ካላቸው ከአራት ጎረቤቶች የሳምንቱን 12 እንቁላል ሰበሰብሁ፤ መዝኜም ቀኑን ጻፍሁባቸው። በ7ኛው ሌሊት 2 ዘር የሌላቸው ተገኝተው ወጡ። በ21ኛው ቀን 9 ጫጩት ተፈለፈለ፤ 2 በብርድ፥ 1 በጭልፊት ሞቶ 6 አደገ። እትዬም 4ቱን ሸጠው 2 ቄብ አስቀሩ። አሁን በየእንቁላሉ ላይ ቀኑን በእርሳስ የሚጽፈው የልጅ ልጃቸው ነው፤ እርሳሱም ከዚያው ከእንቁላሉ ገንዘብ የተገዛ ነው።

በየወረዳው ያላችሁ አንባብያን፥ በአካባቢያችሁ የሞከራችሁትን የእንቁላሉን ቁጥር፥ ወሩንና የተፈለፈለውን ጫጩት መዝግባችሁ ለዚህ ጋዜጣ ብትልኩ፥ አንዱ የሌላውን ልምድ አይቶ ከመክሰር ይድናል። የከሰረም ቢኖር ኪሣራውን ሳይደብቅ ይጻፍልን።

ከአንኮበር፤ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ